ለሐይቅ ጀልባችን ካፕሊንግ የሠራልን የኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል አስተያየት የሚጽፍ ሰው ደሴ ውስጥም ኮምቦልቻ ውስጥም ሞልቷል። ስለ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ስላለበት ቤት፣ የሚጽፍ ግን አላየሁም። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ልቤን ያሳረፈው አገልግሎት ያገኘሁት ከአንድ ቶርኖ ቤት ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ረዘም ይላል። ሥራው ራሱ ረጅም ነበር።

ቤቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው። ታፔላ የለውም። ከመናኸሪያው ወረድ ብላችሁ ብረታ ብረት የሚሸጥበትን መስመር ያዙና ትልቁ ቶርኖ ያለበትን ቤት ጠይቁ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ያሳዩዋችኋል። ባለቤቱን ሠራተኛውም ደንበኛውም «ሀጂ» ነው የሚላቸው። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

እኔና ወንድሜ ሐይቅ ላይ አንዲት የሞተር ጀልባ አለችን። ከላሜራ የተበየደች፣ ሁለት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያላት ናት። እሱ ይነዳል፤ ሞተሩና ሒሳቡ የኔ ነው። ሐይቅ የሚባለው ቦታ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ስለሆነ እንግዳ አይጠፋም። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከደሴ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። የኛ ሥራ እነሱን ማንሸራሸር ነው።

ካፕሊንግ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ከሞተሩ ኋላ ካምቢዮ አለ። ከካምቢዮው ኋላ ፍላንጅ፣ ማለትም የቡሎን ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት፣ ይወጣል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይም ሌላ ፍላንጅ ይገባል፤ ካፕሊንግ የምንለው እሱን ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ገጥመው በአራት ቡሎን ይታሰራሉ። ዘንጉ ካፕሊንጉ ውስጥ ብቻውን እንዳይሽከረከር ኪይ የምትባል አራት ማዕዘን ብረት ሁለቱም ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ትቀመጣለች። ከጎን ደግሞ ማጥበቂያ ብሎን ይነክሰዋል።

ፕሮፔለሩ ውሃውን ሲገፋ ጀልባዋን የሚያስኬደው ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያልፈው በዚህች ብረት በኩል ነው። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ደግሞ ዘንጉ ከካፕሊንጉ ለመውጣት ይጎተታል። ካፕሊንጉ ከለቀቀው ዘንጉ ወደ ኋላ ሊሾልክ፣ በቀዳዳውም ውሃ ሊገባ ይችላል። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። የሰው ልጆች አሳፍሬ «ግድ የለም፣ ትንሽ ይቆያል» የምልበት ነገር አይደለም።

የኛ ካፕሊንግ ችግሩ የቆየ ነው። ከዚህ በፊት የሰጠነው አንድ ጋራዥ፣ ካፕሊንጉ ሲላላ ከመቀየር ይልቅ ዳር ዳሩን በብየዳ ነካ ነካ አድርጎ መለሰልን። ብየዳው ተሰነጠቀ። ኪዩ ቦዩ ውስጥ መጫወት ጀመረ። ማርሽ ስናስገባ «ቋ» ይላል። ፍጥነት ስንጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ውሃ የሚያግደው ፓኪንግ ዛሬ ብናጠብቀው ለሚቀጥለው ሳምንት ልል ነው። ሰው ሳናሳፍር ዳር አሰርናትና ሠሪ ፍለጋ ወጣን። ደሴ ውስጥ የጠየቅናቸው ሁሉ መልሳቸው ያው ነበር፤ «አምጡት፣ እንበይደዋለን።»

ኮምቦልቻ ወርጄ የካፕሊንጉን ፎቶ ሳሳያቸው ሀጂ ስልኬ ላይ አጉልተው አዩት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «ይሄን ማን በየደው?» አሉ። መልሱን አልጠበቁም። «ዘንጉስ የታለ፣ ልጄ?»

ጀልባው ላይ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው ካፕሊንጉን ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ። ዘንጉንም አምጪ። ዘንጉን ሳልለካ ቀዳዳ አልበሳም፣ ወላሂ።»

ጀልባ ሠርተው እንደማያውቁ በግልጽ ነገሩኝ። ይህን ወደድኩላቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በፋብሪካ ጥገና ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቁም፣ የቢራውም፣ የብረቱም ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ በ2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቆባታል። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ያረጀ ማሽኒስት የፓምፕና የሞተር ካፕሊንግ ሲፈታና ሲገጥም ነው የኖረው። ጀልባም ቢሆን ዘንግ ዘንግ ነው። የሚለየው ከጀርባው ውሃ መኖሩ ነው።

ቀጥዬ እንዴት እንደምናወጣው ጠየቅኋቸው። ወንድሜ ያሰበው በመዶሻ ነበር። ሀጂ መዶሻ የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን አወናጨፉ። «ተገጥሞ እያለ ብትመቱት ዱላው የካምቢዮው ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ፈትታችሁ ብትመቱት ፍላንጁ ይጣመማል፣ ዘንጉም ይጎብጣል። ተዉት፣ መሳቢያ ልሥራላችሁ።»

ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ 20 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት መዘው ክብ ሳህን አወጡ። እኔ የአራቱን ቡሎኖች ርቀት ከማዕከል ማዕከል ለክቼ ወረቀት ላይ ይዤ ነበር። በዚያው ልክ አራት ቀዳዳ በሱበት። አራት ረጃጅም ቡሎንና ከዘንጉ ትንሽ የቀጠነች ድፍን የብረት ቁራጭ ጨመሩ። አጠቃቀሙን ጣታቸውን ዘይት ነክረው ጠረጴዛው ላይ ሣሉልኝ። ለሳህኑ ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ መያዣ ብቻ አስያዙኝና ስመልሰው መለሱልኝ። ይህን ያደረጉት ገና ሥራውን ሳልሰጣቸው ነው።

አሁን ስለ ማውጣቱ ልናገር፤ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

ጀልባዋን በግንድ ላይ እያንከባለልን ወደ ዳር አወጣናት። የአካባቢው ልጆች ባይኖሩ አንችላትም ነበር። መሪውን ፈታን፤ መሪው ካለ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይወጣም። የፍላንጁ ቡሎኖች ላይ ማታውኑ ደብሊው ዲ ፎርቲ ረጭተን አሳድረናቸዋል። ጠዋት ሦስቱ በ17 ቁልፍ ለቀቁ። አራተኛዋ ጭንቅላቷ ስለተላጠ በመጋዝ ቆረጥናት። ማጥበቂያ ብሎኖቹን አወጣን። እነዚህን ሳያወጡ የሚስቡ ሰዎች አሉ፤ ዘንጉን ጭረው ያበላሹታል። የተሰነጠቀውን ብየዳ ጄኔሬተር ተውሰን በግራይንደር ጠርበን ጨረስነው።

ከዚያ ዘንጉን ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ገፋ አደረግነው። በተገኘው ክፍተት ድፍኗን ብረት የዘንጉ አፍንጫ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ አስቀመጥን። ከፊቷ ሳህኑን አደረግን። ረጃጅሞቹን ቡሎኖች በሳህኑና በካፕሊንጉ ቀዳዳ አሳልፈን ማጥበቅ ጀመርን፤ በተቃራኒ በተቃራኒው፣ በየተራ፣ ሩብ ሩብ ዙር። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሳህኑ ብረቷን ይገፋል። ብረቷ ዘንጉን ትገፋለች። ካፕሊንጉ ወደ ሳህኑ ይሳባል። ካምቢዮው እዚህ ውስጥ የለበትም፤ ምንም አይነካውም።

በመጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ አስረዝመን ብንጫነውም ያው ነው። ሀጂ አስቀድመው «እምቢ ካለ አጥብቃችሁ ተዉትና ካፕሊንጉን ብቻ አሙቁት» ብለውን ነበር። ካፕሊንጉ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ዘንጉ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች መሐል ነው የሚለቀው። እዚህ ላይ ግን አደራ እላለሁ። እሳት ከማስገባታችን በፊት ከሞተሩ ሥር ያለውን ናፍጣና ዘይት ጠርገን አደረቅን። የረጨነውንም ጠረግን። የፓኪንጉን ጎማ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልን። አሸዋ በባልዲ አጠገባችን አኖርን። ይህን ያላደረገ ሰው ጀልባ ውስጥ እሳት ባያስገባ ይሻለዋል።

ካፕሊንጉን ዙሪያውን እያዞርን አሞቅነው። ወንድሜ ቡሎኖቹን በየተራ ሩብ ዙር ጨመረላቸው። «ጧ!» ብሎ ጮኸ። ዘንጉና ካፕሊንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቡናማ የዝገት ዱቄት ብን ሲል አየሁ። ከዚያ በኋላ በቀላሉ እየተንሸራተተ ወጣ። ቀዳዳውን ሳየው ክብ አልነበረም። በኪዩ በኩል ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ የኪዩም ቦይ አፉ ተቀዷል። ያንን በብየዳ ማዳን አይቻልም ነበር።

ዘንጉን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እንዳይጎብጥ ከሥሩ ጣውላ አስረን፣ በሚኒባስ ጣሪያ ጫንነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ገደማ። በመሐሉ ያለው የሀረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ሹፌሩን «ቀስ በልልን፣ ወንድም ዓለም» እያልን ወረድን።

ሀጂ ዘንጉን እንዳዩ ቶርኖው ላይ ሰቀሉት። መጣመምን በመርፌ የሚያሳየውን ዳያል ጌጅ አስጠግተው በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። መርፌዋ ብዙም አልተነቃነቀችም፤ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ካፕሊንጉ የሚገባበትን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው በማይክሮሜትር ለኩት። እኛ 30 ሚሊ ነው ስንል የኖርነው ዘንግ፣ ኪዩ ሲጫወትበት የነበረው ቦታ ላይ ከ30 ትንሽ አንሶ ተገኘ። በዓይን አይታይም። ግን ለካፕሊንግ ትልቅ ልዩነት ነው። በወሬ ተነስተው ቀዳዳውን 30 ብለው በስተውት ቢሆን፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ልል ሆኖ ይወለድ ነበር። ዘንጉን ያስመጡኝ ለዚህ ነው።

ብረቱን ሲመርጡም ጠየቁኝ። ሲ 45 የሚባለውን ክብ ብረት አሳዩኝና ከተራው ብረት በምን እንደሚለይ፣ ዋጋውም ስንት እንደሚጨምር ነገሩኝ። እሱን መረጥኩ። ቀዳዳውን በትንሽ በትንሹ እያሰፉ፣ በየመሐሉ ቶርኖውን እያቆሙ በዘንጉ ሞከሩት። በመጨረሻ ዘይት ተቀብቶ በእጅ ግፊት ገባ፤ የቀረውን በእንጨት መዶሻ ቸብ ቸብ አድርገው ጨረሱት። ይዤ ብወዘውዘው ወይ ፍንክች። የኪዩን ቦይ ሼፐር በሚባለው ብረት መላጊያ ማሽን አወጡ፣ 8 ሚሊ ስፋት። አዲሱ ኪይ ግራና ቀኙ ጠበቅ ያለ ነው፤ ከአናቱ ላይ ግን ትንሽ ክፍተት ትተውለታል። ለምን ስላቸው፣ ከአናቱ ከጠበቀ ካፕሊንጉን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ከማዕከሉ ያወጣዋል አሉኝ።

አሁን ዋናው ነገር። ሌላ ቦታ ቢሆን ሥራው እዚህ ላይ አብቅቶ «ውሰጂው» እባል ነበር። ሀጂ ግን ካፕሊንጉን ዘንጉ ላይ ገጥመው፣ ኪዩን አስገብተው፣ ማጥበቂያውን አስረው፣ እንደተገጠመ መልሰው ቶርኖው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ የካፕሊንጉን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ጠረቡት። የሚወጣው ፍቅፋቂ ከጸጉር ይቀጥናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለብቻው ሲቀረጽ የተስተካከለ ካፕሊንግ ዘንግ ላይ ሲገባና ብሎን ሲነክሰው ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል። ፊቱ ከዘንጉ ጋር ትክክለኛ 90 ዲግሪ የሚሆነው አብረው ሲዞሩ ከተጠረበ ነው። ሲጨርሱ ዳያል ጌጁን ፊቱ ላይ አስቀምጠው ጠሩኝ። «ነይ እይ።» ዘንጉ እየዞረ መርፌዋ ቆማለች።

ዘንጉ ጀልባዋ ውስጥ የሚገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ ካፕሊንጉ እንደገና መውጣት ነበረበት። ወደዚያው ቦታ እንዲመለስ ሁለቱም ላይ ምልክት መቱበት።

የማይመቸውንም ልናገር። ቀጠሮ አይጠበቅም። «ኢንሻአላህ ሐሙስ» የተባለው ሥራ ያለቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የፋብሪካ ሥራ ሲመጣ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ማሽን ስለቆመባቸው ነው ይላሉ፣ ይገባኛል። ግን አስቀድመው ስልክ ቢደውሉልን ከሐይቅ ድረስ በባዶ ባልተመላለስን። መብራት ሲጠፋም ሁሉም ይቆማል። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ለድርጅት የምታሠሩ ከሆነ ይህ ያስቸግራችኋል። መቀመጫ የለም፣ ጥላም የለም፤ የኮምቦልቻን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። የኪዩ ጠርዝ ሹል እንደሆነ ነው የተሰጠኝ፤ በሞረድ ያለዘብኩት እኔ ነኝ። ማጥበቂያ ብሎኖቹ እንዳይፈቱ በሽቦ የሚታሰሩበትን ቀዳዳም የበሱልኝ ስጠይቃቸው ነው። ጀልባ ላይ ግን ይሄ ግዴታ ነው፤ ሳትጠየቁ አስታውሱ።

ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። የብረቱንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ይነግሯችኋል። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። ከተነጋገርነው በላይ አንድም ብር አልጨመሩብኝም። ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ጠይቄ ነበር፤ የሀጂ በብዙ ይቀንሳል። ያኛው ደግሞ ለዘንጋችን ተለክቶ የተሠራ አይደለም።

መልሶ መግጠሙ የኛ ሥራ ነበር። ዘንጉን አስገብተን፣ ካፕሊንጉን እስከ ምልክቱ ገፍተን፣ ብሎኖቹን በሽቦ አሰርን። ፓኪንጉን በአዲስ ቀየርን። ጀልባዋን ውሃ ላይ አውርደን አሳደርናት። ፍላንጆቹን የምታስተካክሉት ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና ነው፤ የጀልባ አካል መሬት ላይ ተቀምጦና ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ቅርጹ አንድ አይደለም። ሀጂ ፊለር ጌጃቸውን፣ ክፍተት የሚለካባቸውን ስስ ብረቶች፣ አዋሱን። ሁለቱን ፍላንጆች እስኪነካኩ አቀራርበን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ለካን። የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ ኢንች የፍላንጅ ስፋት አንድ ሺኛ ኢንች ነው። የኛ 10 ሴንቲ ስለሆነ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከታች በኩል ሰፍቶ አገኘነው። የሞተሩን የፊት እግሮች ዳዶ በጥቂቱ እያዞርን ዝቅ አደረግናቸው። እንደገና መለካት፣ እንደገና ማዞር። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ወንድሜ ከኔ ይልቅ ታጋሽ ነው፣ ይህን እሱ ነው የጨረሰው። አራቱን ቡሎኖች 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ያለባቸውን አዳዲስ ገዝተን አሰርን።

ከጥር 1 የእስጢፋኖስ በዓል በፊት ሥራ ጀመርን። ማርሽ ሲገባ የነበረው «ቋ» ጠፍቷል። ሙሉ ፍጥነት ላይ ወለሉ ላይ ቆሜ መንቀጥቀጡ አይሰማኝም። ፓኪንጉ ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ብቻ ያንጠባጥባል፤ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው ስለሆነ ይህን ያህሉ ደግ ነው። አንድ ሰዓት ከነዳን በኋላ የፓኪንጉን ሳጥን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይደለም። ቡሎኖቹን ቁልፍ አስገብቼ ፈተሽኳቸው፤ አንዱም አልላላም።

የጀልባ ብቻ ሳይሆን የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ፣ የማንኛውም ዘንግ ካፕሊንግ ያስቸገረው ሰው ወደ ሀጂ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ለነገ የሚፈልግ ግን አይሂድ። ዘንጉን፣ አሮጌውን ካፕሊንግ፣ ኪዩንና ቡሎኖቹን አንድም ሳታስቀሩ ይዛችሁ ሂዱ። ጠዋት ሂዱ። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሰላት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አታገኟቸውም።